የበረዶ ጎማ ለሉዶቪክ ብራሳር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ኮራሊ ዱፉር ደግሞ ተወግቼ ዝም ያልኩ ሴት አይደለሁም፤ ቁስሌ እንዳይሽር በየገናው እየነካካሁ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ስለዚህ በኖቬምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ሉዶቪክ ብራሳር የበጋ ጎማ ባሰረ የኤሌክትሪክ ፒካፕ፣ በአዲሱ በረዶ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ ወደ ጋራዣችን ግቢ ሲገባ ሳየው «ተመስገን» አልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። የእኔ ጸሎት ግን ከነቂሙ ተሰማልኝ።

የኬቤክ ሕግ ከዲሴምበር አንድ ጀምሮ የበረዶ ጎማ ያላሰረ መኪና መንገድ ላይ አይታይ ይላል። የከተማችን የሴንት-ክሌማንስ ሰው ይህን ሕግ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ሆኖም የመጨረሻዋ ቅዳሜ ካልደረሰች ትዝ አይለውም። ያን ቀን ግቢያችን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና ተጨናንቋል። ውስጥ፣ ከባንኮኒው ፊት ለፊት በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተራ ጠባቂዎቹ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው የሰው ስም ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ከባንኮኒው ጀርባ አባቴ ሬዣን ስልክ እያነሳ «ሙሉ ነን፤ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ሙሉ ነን» ይላል። ጎማ የምፈታውና የምገጥመው እኔ ነኝ። አባቴ በቀኝ እጁ ሁለት ጣት የለውም፤ የብራሳሮች የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ መጋዝ ነው የወሰደበት። በዚያው ዓመት «ለሥራው አትሆንም» ብለው አሰናበቱት። ይህችን ጎሚስታ የከፈታት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ሄጄ ሄጄ የእነዚያኑ የብራሳሮችን ልጅ ወደድኩ። ልብ መቼ ምክር ይሰማል!

ከሐይቁ ዳር እየተደበቅን ሁለት በጋ ከረምን። ከዚያ ሉዶቪክ «መደበቅ በቃኝ። በገና ዋዜማ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ እናቴ ገበታ ላይ ከጎኔ ትቀመጫለሽ» አለኝ። አረንጓዴ ቀሚስ ገዛሁ። ጸጉሬን ተሠራሁ። ከዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ መብራት በዓይኔ እየተከተልኩ ጠበቅሁት። አልመጣም። አንድ ጊዜ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ሁለተኛ ልደውል ስል ኩራቴ እምቢ አለኝ። በገና ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ ሞንትሪያል መግባቱን ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈጣሪዬን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከፊቴ ቆሞ፣ ሰው እያየው፣ እንዲለምነኝ።

እና ያው፣ በሩን ከፍቶ ገባ።

ከስቷል። ጺም አሳድጓል። ዓይኑ የተቀመጡትን ሰዎች ሁሉ ዘሎ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ልቤ ዘለለ። ልቤን ረገምኩት።

«ኮራሊ» አለኝ። «እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ሙሴ ብራሳር። እርስዎስ? ምን እንታዘዝ?»

ማዳም ጊልቤርት ኩባያቸውን ከአፋቸው መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ማዳም ጊልቤርት ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የከተማውን ወሬ የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው።

ሉዶቪክ ‹እርስዎ› ስለው ጉንጩ ቀላ። «የበረዶ ጎማ ፈልጌ ነበር» አለ። «ሁሉም ጋ ዞሬያለሁ፤ የሚቀበለኝ አጣሁ። ዛሬ የጫካውን ፓርክ አቋርጬ ኬቤክ ከተማ መግባት አለብኝ።»

«ዛሬ!» ብዬ ሳቅሁ። «ሰሙልኝ ማዳም ጊልቤርት? ሙሴ ብራሳር ዛሬ ነው የፈለጉት።»

«እኔ ድሃዋ ቀጠሮ የያዝኩት ቅጠሉ ሳይረግፍ ነው፤ ይኸው እስካሁን ተጎልቻለሁ» አሉ ማዳም ጊልቤርት። «ሀብታም ሲቸኩል በረዶውም ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል!»

ሰዉ ሳቀ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሙሉ ነን» አለ፤ ለስልኩ ይሁን ለሉዶቪክ አልለየለትም። «ሙሉ ነን አልኩ እኮ! ይሂድልኝ!»

«ቆይ አባዬ፤ ይሄ የእኔ ደንበኛ ነው» አልኩና ወደ ሉዶቪክ ዞርኩ። «ለመሆኑ ምን አስቸኮለዎት? ድግስ አለ እንዴ?»

ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ናት። ኬቤክ ሆስፒታል ናት፤ እዚህ የመጣሁት ዕቃዋን ልወስድላት ነው። ነገ ጠዋት ልቧን ይከፍቱታል፤ ሰኞ ድረስ አትቆይም ብለውኛል። ኮራሊ፣ እባክሽ።»

እባክሽ አለኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኋት ቃል ነች። ማዳም ብራሳርን ከሩቅ ነው የማውቃቸው፤ ጓንታቸውን ሳያወልቁ የሚጨብጡ ሴት ናቸው። እኔን ለልጃቸው አሳንሰው ያስቀሩት እሳቸው እንደሆኑ ማንም ሳይነግረኝ አምኜ ነበር። ሆኖም የታመመ ልብ የታመመ ልብ ነው፤ ለአንድ አፍታ ሆዴ ሊባባ ቃጣው። ከዚያ አረንጓዴዋ ቀሚስ ትዝ አለችኝ።

«እሺ፣ እገጥምልዎታለሁ» አልኩ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «ግን እነዚህን ሁሉ ሰዎች ዘለው ነው የሚስተናገዱት፤ ስለዚህ ይካሷቸዋል። ብር አይፈልጉም። ያን የገና ዋዜማ ለምን እንዳልመጡ እዚሁ ቆመው፣ ጮክ ብለው ይንገሯቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤቱ የየራሳቸውን ሲፈጥሩ ኖረዋል፤ ከባለቤቱ አፍ ይስሙት።»

ሉዶቪክ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አባቴን አየ። አባቴ ላይ ዓይኑ ቆየ። «ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አለ።

«ሌላ የለም።»

«እሺ፤ ስትጨርሺ እናገራለሁ» አለ ሉዶቪክ።

«አይነካም! ያን መኪና እንዳትነኪ!» ብሎ አባቴ ባንኮኒውን በሦስት ጣቱ ደቃው።

አንድም ቀን እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ስለ እኔ ነው የተቃጠለው ብዬ አሰብኩ፤ በጣም ወደድኩት።

ፒካፑን ወደ ውስጥ አስገባነው። ከሥራ ቦታው እስከ ወንበሮቹ ትልቅ መስታወት አለ፤ ማዳም ጊልቤርት ወንበራቸውን አዙረው ከቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጠ ሰው ተመቻችተዋል። ሉዶቪክ ከአጠገቤ መራቅ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለው መኪና ስታነሳው ራሱን በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ገብቶ ከመሪው ጎን ካለው የመስታወት ሰሌዳ ላይ «ጎማ ሊቀየርልህ ነው፣ አርፈህ ቁም» የሚለውን መንካት አለበት። ሆዱ ሙሉ ባትሪ ስለሆነ ማንሻው የሚደግፈው ምልክት ያለባቸውን አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ በእጄ ዳበስኩና የጎማ ትራሶቹን ከሥሩ አደረግሁ። ሲነሳ ማንሻው አቃሰተ፤ ባትሪው ሰማይ ምድር ነው የሚከብደው።

«ያማረ መኪና ነው» አልኩ የጎማውን ዳዶ እየፈታሁ። «ሞንትሪያል ተስማምቶዎታል ማለት ነው።»

«‹እርስዎ› አትበይኝ። እዚህ ማንም አይሰማሽም።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

ሉዶቪክ ቀና ብሎ ጣሪያው ሥር ያለውን መደርደሪያ አየ። የደንበኞቻችንን ጎማ በጋ ሲሆን የበረዶውን፣ በረዶ ሲሆን የበጋውን እዚያ ነው የምናሳድረው። ከጥግ የእሱ የድሮው ፒካፕ አራት ጎማዎች ስሙ እንደተንጠለጠለባቸው ተደርድረዋል። ሊወስዳቸው ሳይመጣ ነው የሄደው።

«አልጣልሻቸውም?»

«የሚገዛ ጠፋ።»

የሚገዛ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ሰው ጠይቆኝ ሁለቱንም ጮኼባቸው መልሻለሁ። በየመከሩ ደግሞ አቧራቸውን እጠርግ ነበር። ይህን ከምነግረው ምላሴን ብውጥ ይሻለኛል።

«ለዚህ አይሆኑም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አይሆኑም። ይሄ ዝሆን ነው፤ ተራ ጎማ አይሸከመውም።» ለዚህ ክብደት የተሠሩ አንድ ስብስብ ብቻ ነበሩኝ። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ አንድ የሐይቅ ማዶ ሰው አዝዟቸው፣ ብርዱን ፈርቶ መኪናውን ሸጦ ሳይወስዳቸው ቀረ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ጎማቸው ለስላሳ ነው፤ በረዶ ሲነክሱ አይለቁም። አንድ በአንድ ቸርኬው ላይ ሰክቼ፣ ነፍቼ፣ ሚዛኑን አየሁ። ሦስቱን ገጥሜ ወደ መጨረሻው ስደርስ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ዳዶ ብቻ ላላ ቢል? ፓርኩ ውስጥ ቤት የለ፣ ስልክ አይሠራ፤ ጫካና ገደል ብቻ ነው። ሐሳቡ መጣ እንጂ አልቆየም። ሙት አያፍርም፤ እኔ ደግሞ እንዲያፍር ነበር የምፈልገው።

አራተኛውን ጎማ መሬት ላይ አስተኝቼ ተቀመጥኩበት። ፒካፑ በአየር ላይ ነው፤ አንድ እግሩ ባዶውን ነው።

«በሉ እንግዲህ» አልኩት። «ይህን የምገጥመው ከሰማሁ በኋላ ነው።»

«ስትጨርሺ አልተባባልንም?»

«ሰው ሲጨርስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይሄዳል።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። እሱ እንዳይሰማው ቶሎ ተነሳሁና የመስታወቱን በር በረገድኩት። «ኑ ግቡ! ሙሴ ብራሳር ሊናገሩ ነው!» ማዳም ጊልቤርት ቀድመው ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከሁሉም በኋላ አባቴ መጣ፤ መቃኑን ተደግፎ ቆመ። ሰዎቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ።

ሉዶቪክ እጁን ኪሱ ከተተ፤ አወጣው። «መጥቼ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ያን ቀን መጥቼ ነበር፣ ኮራሊ። መጠበቅ አቅቶኝ ከቀጠሯችን ቀድሜ መጣሁ። ጸጉርሽን ልትሠሪ ወጥተሽ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ አባትሽ ናቸው።»

ወደ አባቴ አላየሁም። ማየት ፈራሁ።

«‹ልጄ የምትወድህ መሰለህ?› አሉኝ። ‹ስለ ጣቶቼ ነው። ሁለት በጋ ያቀፈችህ እናትህ ገበታ ላይ ለመድረስ ነው። እንግዶቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ ብድግ ብላ ታዋርዳችኋለች፤ ቃሏን ሁሉ እኔ ፊት አጥንታዋለች፤ አብረን ስንስቅ ነው ያመሸነው› አሉኝ። ‹ለእናትህ ካዘንክ ሂድ› አሉኝ። ሄድኩ።»

ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባዬ» አልኩ። «ውሸት ነው በለው።»

አባቴ ጎደሎ እጁን አየ።

«አባዬ! ውሸትህን ነው በለውና በዚህ ብረት ልበለው!»

«ሁለት ጣቴን ወሰዱ» አለ አባቴ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ መቼ እንዳረጀ አላየሁም። «ሁለት ጣቴን ወስደው እንደ ውሻ አባረሩኝ። ሦስተኛ አንቺን ልስጣቸው?»

እንግዲህ ጉዴን እዩልኝ። ሰው ላዋርድ ሰው የሰበሰብኩት እኔ፣ በሩን የበረገድኩት እኔ፣ «ጮክ ብለው ይናገሩ» ያልኩት እኔ። ያ ሁሉ ዓይን ከሉዶቪክ ላይ ተነስቶ መጥቶ እኔና አባቴ ላይ አረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቡና ያፈላሁለት፣ ሳል ሲይዘው ደረቱን ያሸሁለት፣ ማታ ማታ «ብራሳሮች ሰው አይደሉም፣ እርሺው የኔ ልጅ» እያለ ጸጉሬን የዳበሰኝ ሰው ነው። በዚያችው እጁ ነው በሩን የዘጋው።

«ያን ቀን መስኮት ሥር ተቀምጬ ስጠብቅ አጠገቤ ነበርክ» አልኩት። «ካርታ ትጫወት ነበር። ብቻህን።»

«ከልብሽ ይወጣልሻል ብዬ ነው።»

«አልወጣልኝም!»

ይህን የጮህኩት ለአባቴ ነበር፤ ሉዶቪክ ግን አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ተስፋ አየሁ። ያ ተስፋ ደግሞ ጭራሽ አነደደኝ።

«አንተ ደግሞ ቁም እዚያው!» አልኩት። ‹አንተ› ማለቴን ያወቅሁት ማዳም ጊልቤርት ትንፋሻቸውን ሲስቡ ነው። «እሱስ አባቴ ነው፤ ቂሙን ከእኔ በላይ ወደደ። አንተ ምን ሆነህ አመንከው? እኔን ሳትጠይቅ? ስደውል ስልኩ እጅህ ላይ ነበር!»

«እጄ ላይ ነበር። ጥሪው እስኪቆም አየሁት።»

«ለምን?»

«ምክንያቱም ራስሽ ትይው ነበር!» አሁን እሱም ጮኸ። «ሐይቁ ዳር ተጋድመን ስንት ጊዜ ነው ‹ብራሳሮችን አንድ ቀን ዋጋቸውን እሰጣቸዋለሁ› ብለሽ የሳቅሽው?»

«ያንን በዚህ ከተማ የማይለው ማን አለ?»

«እውነት ነው፤ እኔም እላለሁ» አሉ ማዳም ጊልቤርት። «ባሌም ነፍሱን ይማረውና ይል ነበር።»

«አየሽ? ቀልድ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለ ሉዶቪክ። «ዛሬስ ምን እያደረግሽ ነው? መኪናዬን ሰቅለሽ፣ ሰው ሰብስበሽ፣ ብራሳርን እያዋረድሽ አይደለም እንዴ? አባትሽ የነገሩኝን ነው አንድ ሳታጎድይ የሠራሽው።»

ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የበቀል ቃላቴን ሁሉ ሦስት ዓመት ስስል ኖሬ፣ የምፈልጋቸው ቀን አንዳቸውም አልተገኙም።

«እናቴ ሳህንሽን አስቀምጣ ነበር» አለ ዝቅ ብሎ። «ከጎኔ። ስምሽን በራሷ እጅ ካርድ ላይ ጽፋ። የገናውን የሥጋ ኬክ፣ ቱርቲዬሩን፣ ቆርሳ አስቀመጠችልሽ፤ ሳህኑን ማንም እንዳያነሳው ብላ እስኪነጋ እዚያው አደረ። ‹ምን አድርገሃት ነው ያልመጣችው?› ብላ እኔን ነው የተቆጣችኝ። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም። አዋርዳሽ ልትሄድ ነበር ብዬ እንዴት ልንገራት?»

ጓንታቸውን ሳያወልቁ የሚጨብጡት ሴትዮ ስሜን በእጃቸው ጽፈው ነበር። እኔ እሳቸውን ስረግም ሦስት ገና አልፏል። ፊቴን አዙሬ ጎማውን አነሳሁ፤ የማደርገው ሌላ ነገር ስላልነበረ። ሰክቼ፣ ነፍቼ፣ አሽከርክሬ ወስጄ ገጠምኩት። እጄ ያውቃል፤ ዓይኔ ግን በእንባ ተሸፍኖ ነበር።

«ኮራሊ» አሉ ማዳም ጊልቤርት ተጠግተው፣ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ቀስቷ ወዴት ነው የምታየው የኔ እመቤት?»

አየሁ። የበረዶ ጎማ ጎኑ ላይ መዞሪያውን የሚያሳይ ቀስት አለ። የእኔዋ ወደ ኋላ ታያለች። ጎማውን ገልብጬ ቸርኬው ላይ ሰክቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ጎማ በረዶውን ወደ ውጭ በመትፋት ፈንታ ይውጠዋል። ጥርስ ካወጣሁ ጀምሮ ጎማ መሃል ያደግሁ ሴት፣ ለጀማሪ ‹ተጠንቀቅ› የምለውን ስህተት ከተማው ሁሉ እያየኝ ሠራሁት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ፈታሁት። ከቸርኬው አላቀቅሁት። አባቴ ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ።

«አትንካው» አልኩት። እጁን ሰበሰበ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ገልብጬ መልሼ ሰካሁት፤ ቀስቷ ወደ ፊት መሆኗን ሁለት ጊዜ አየሁ። ፒካፑ ወረደ። የጥብቀቱን ልክ የሚለካውን ረጅሙን ቁልፍ ይዤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ፣ ማዶ ለማዶ፣ ‹ጠቅ› እስኪል አጠበቅሁ። ሰዉ እየተጎተተ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሉዶቪክ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲያየኝ፣ እኔም ማየቱን እያወቅሁ ሳላየው ሠራሁ። ያች ጥቂት ጊዜ ከሦስቱ ዓመት ሁሉ ከበደችኝ።

«ጨረስኩ» አልኩት። ከዚያ ለሁሉም ደንበኛ የምለውን፣ ተኝቼም የምለውን አልኩ። «መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። እንዲህ የሚከብድ መኪና ከሆነ የግድ ነው። ተመልሰህ ና።»

«መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ፓርኩ መሃል ነኝ። ማን አለ እዚያ?»

«ቁልፍ ግዛና ራስህ አጥብቀው!» አለ አባቴ ከባንኮኒው። ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ልክ ቅዳሜ እንደሆነ፣ ስልኩን አንስቶ «አቤት፣ ሙሉ ነን» ሊል ነበር።

ያኔ ነው የወሰንኩት። ያሰብኩበት አይደለም፤ እጄ ነው የወሰነው። የቱታዬን ዚፕ ፈትቼ አወለቅሁት። አጣጥፌ ባንኮኒው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከላዩ የጋራዡን በር ቁልፍ አኖርኩ። ካፖርቴን ለበስኩና ረጅሙን ቁልፍ ከነማኅደሩ ብብቴ ሥር ያዝኩ።

«ወዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ዳዶ ላጠብቅ።»

አባቴ በመስኮቱ ግቢውን አየ። መኪናው ከአጥር እስከ አጥር ነው፤ ሁሉም የበጋ ጎማ አስሮ፣ ሁሉም ለዛሬ ተቀጥሮ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሰው? በዚህ እጄ?»

«በዚያው እጅህ» አልኩት። «በር መዝጋት አልከበደውም።»

ፊቱ ላይ የሆነውን አየሁ። ይህን ነበር የፈለግሁት፤ አንድ ሰው በእኔ ፊት እንዲህ እንዲሆን ነበር ሦስት ዓመት የጸለይኩት። ሰውየው ብቻ ያሰብኩት አልነበረም።

«ሂጂ ልጄ፣ እኛ እንጠብቃለን» አሉ ማዳም ጊልቤርት። «ሬዣን፣ በል ቱታውን ልበስ። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።»

ውጭ ሉዶቪክ የተሳፋሪውን በር ከፍቶልኝ ቆሟል። ሊስቅ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«እንዳትስቅ» አልኩት። «ይቅር አላልኩህም። የመጣሁት ለእናትህ ነው፤ ሳህኔን ላስቀመጡት። ከአንተ ጋር ገና ምኑም አልተጀመረም። ስልኩ እጅህ ላይ እስኪቆም ያየኸውን በየኪሎ ሜትሩ ነው የማስከፍልህ።»

«እከፍላለሁ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ንዳ።»

ነዳ። አዲሶቹ ጎማዎች በረዶውን ነከሱት፤ ፒካፑ ቀጥ ብሎ ወጣ። የነዳጅ መኪና ቢሆን ኖሮ ሞተሩ የኋላዬን ጩኸት ይሸፍንልኝ ነበር። ይህ መኪና ግን ድምፅ የለውም። አባቴ ያለ ካፖርት በረዶው ላይ ወጥቶ «ኮራሊ! ኮራሊ!» ሲል አንድም ሳይቀር ተሰማኝ። ሉዶቪክ እግሩን ወደ ፍሬኑ ወሰደ።

«ንዳ አልኩህ።»

እጁን ዘረጋልኝ፤ አልያዝኩትም። ቁልፉን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ወደ ፊት ብቻ አየሁ። ስሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለኝ፤ አለቀስኩ እንጂ ዞሬ አላየሁም።